የመጨረሻውን ዝውውር ተከተሉ፦ ሰዎች ዲጂታል ገንዘብን በእርግጥ ለምን እንደሚጠቀሙበት ለማጥናት

«ስንት ሰው ዋሌት (ዲጂታል ገንዘብ የሚያዝበት የስልክ ቦርሳ) ከፍቷል?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አያስቸግርም፤ አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ራሱ ደስ ብሎት ይነግራችኋል። ዋሌት መክፈትና በገንዘቡ መገልገል ግን ለየቅል ናቸው። ኤል ሳልቫዶር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ መገበያያ ስታደርግ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቺቮ የሚባለውን የመንግሥት ዋሌት ለጫነ ሰው 30 ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ትሰጥ ነበር። ሕዝቡም ጫነ። በኋላ ፈርናንዶ አልቫሬዝ፣ ዴቪድ አርጀንቴና ዳያና ቫን ፓተን የተባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች 1,800 ቤተሰቦችን ፊት ለፊት ሲጠይቁ፣ ዋሌቱን ከጫነው ሰው አብዛኛው ስጦታውን ካጠፋ ወዲህ እንዳልነካው ተረዱ። ናይጄሪያም በኦክቶበር 2021 የናይራን ዲጂታል መልክ፣ ኢናይራን፣ ሥራ ላይ አዋለች፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት ላይ እንደሚታየው አንድ ሳምንት ተመርጦ ቢታይ 98.5 በመቶው ዋሌት በዚያ ሳምንት አንድም ጊዜ አልተነካም።

እኔ መጠይቅ ይዤ ሰው ቤት የማንኳኳ፣ ሲመሽ ደግሞ የሰበሰብኩትን መረጃ ቁጭ ብዬ የማጸዳ ሰው ነኝ። ወደዚህ ሥራ ለሚገባ ሁሉ የምመክረው የጥናቱን ትንሹን መለኪያ ዝውውር እንዲያደርገው ነው። ሰውን ወይም ዋሌትን አትቁጠሩ፤ አንድ የተላከ ገንዘብ ያዙና ከማን እንደተነሣ፣ በማን እጅ እንዳለፈ፣ በመጨረሻ ምን እንደሆነ ተከተሉ። መጠይቁም፣ የዕለት ማስታወሻውም፣ የብሎክቼይን መዝገቡም (የእያንዳንዱ ክሪፕቶ ዝውውር በይፋ የሚጻፍበት ደብተር) ይህን ታሪክ ለመሙላት የሚመጡ ናቸው።

የትኛውን ገንዘብ?

«ዲጂታል ገንዘብ» የሚለው ስም ቢያንስ አራት የማይመሳሰሉ ነገሮችን ያቅፋል። አንደኛው የሞባይል ገንዘብ ነው፤ ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ በማርች 2007 እንደጀመረው፣ ስልክ ላይ የሚታየው ቁጥር ባንክ የተቀመጠ የአገር ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ማዕከላዊ ባንክ ራሱ የሚያወጣው ነው፤ ኢናይራ እንዲህ ያለ ነው፣ ባሃማስ በ2020 ያወጣችው ሳንድ ዶላርም እንዲሁ። ሦስተኛው እንደ ዩኤስዲቲ ያለ፣ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ስቴብልኮይን ነው። አራተኛው ደግሞ እንደ ቢትኮይን ዋጋው ወጣ ገባ የሚል ነው። አራቱን በአንድ ጥናት ማየት ይቻላል፤ በአንድ ጥያቄ ግን አይቻልም።

ተጠቃሚው በዚህ መንገድ አይከፋፍለውም። ስልኩ ላይ ያለውን የሚያውቀው በመተግበሪያው ስም ወይም በምልክቱ ቀለም ነው። ስለዚህ መጠይቁ ላይ «ዲጂታል ገንዘብ» የሚለውን ከመጻፍ የመተግበሪያዎቹን ምልክት አትማችሁ ብታሳዩ ይሻላል። ግሱንም ለዩት፤ መያዝ፣ መላክ፣ መቀበል፣ መክፈልና መለወጥ አምስት የተለያዩ ጥያቄዎች ይሁኑ። የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ በየዓመቱ በሚያካሂደው የቤተሰብ ኢኮኖሚ መጠይቅ በ2021 ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለውን) ይዘዋል ወይም ተጠቅመዋል የተባሉት አዋቂዎች 12 በመቶ ነበሩ። ዕቃ የገዙበት ወይም ክፍያ የፈጸሙበት ግን 2 በመቶ፣ ለወዳጅ ዘመድ የላኩበት ደግሞ 1 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉም በአንድ ጥያቄ ተጠቅልለው ቢሆን ኖሮ አገሩ ሁሉ በክሪፕቶ የሚሸምት ይመስል ነበር።

ቃለ መጠይቁ

አብዛኛውን ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። «ብዙውን ጊዜ ለምን ትጠቀምበታለህ?» ብላችሁ ስትጠይቁ የምታገኙት አስተያየት ነው። ሰውየው የሰማውን፣ ያነበበውን፣ ቢያደርገው ደስ የሚለውን ይነግራችኋል። «ለመጨረሻ ጊዜ የላክኸው ወይም የተቀበልከው መቼ ነው?» ብላችሁ ስትጀምሩ ግን አንድ ቀን፣ አንድ መጠንና አንድ ሰው ይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ «ከዚያስ?» እያሉ መከተል ነው።

አንዲት እናት ልጃቸው ከውጭ አገር ዩኤስዲቲ ይልክላቸዋል። ንግግራችን ከሞላ ጎደል እንዲህ ነበር፦

— እናቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ገንዘብ የደረሰዎት መቼ ነው?

— ባለፈው ሳምንት። ልጄ ላከልኝ።

— በምን ላከልዎት?

— በስልክ ነዋ።

— በእርስዎ ስልክ?

— አይ፣ በእህቴ ልጅ ስልክ። እኔማ ምኑን አውቀዋለሁ።

— ከዚያስ ምን ሆነ?

— እሱ ለሚለውጠው ልጅ ይልክለታል። ልጁ ደግሞ ጥሬውን ያመጣለታል።

— ስልኩ ላይ ስንት ጊዜ ቆየ?

— ምን ይቆያል! ጠዋት መጣ፣ ለምሳ ሳንቀርብ እጄ ገባ።

— በመሀል የቀነሰ ነገር ነበር?

— ትንሽ ይቀንሳል። ለእህቴም ልጅ አንድ ነገር አደርግለታለሁ፤ ዘመድ ነው ተብሎ ዝም ይባላል እንዴ?

እኚህን እናት «ክሪፕቶ ይጠቀማሉ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው «እረ እኔ!» ብለው ይስቁባችኋል፤ የመረጃ ሰብሳቢውም ወረቀት «አይጠቀሙም» ይላል። የእህታቸው ልጅ ቢጠየቅ «አዎ» ይላል፤ ቁጥሩ ላይም የእሱ ያልሆነ ገንዘብ የእሱ ሆኖ ይመዘገባል። ገንዘቡ የገባበት ዋሌት አንድ ነው፤ ከላኪው ልጅ ወዲህ ያሉት ተጠቃሚዎች ግን ሦስት ናቸው፤ ተቀባይዋ፣ ስልኩን የያዘውና ለዋጩ። ወጪውም እንዲሁ ነው። የኔትወርኩ የመላኪያ ክፍያ መዝገብ ላይ ይታያል፤ ለዋጩ ከምንዛሬው የሚቆርጠው አይታይም፤ ለእህት ልጅ የሚሰጠውማ በየትኛውም ሰነድ ላይ የለም። ስንት ዋጋ ያስከፍላል ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ሦስቱንም መደመር ግድ ነው።

ከእያንዳንዱ ሰው የመጨረሻ አምስት ዝውውሮችን ለማግኘት እሞክራለሁ። ሰው በትዝታው ብቻ ሲመልስ ትልቁን ያስታውሳል፣ ትንሹን ይረሳል፣ ከሦስት ወር በፊት የሆነውን «ባለፈው ወር» ይለዋል። ስለዚህ ስልኩን ራሱ እንዲከፍትና የዝውውር ታሪኩን እያየ እንዲነግረኝ እጠይቃለሁ። እዚህ ላይ መረጃ ሰብሳቢዎቼን የማስጠነቅቃቸው ጠንከር ያለ ነገር አለ። ስልኩን አትንኩ። ባላንሱን እንዲደብቅ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አብዛኞቹ መተግበሪያዎች የዓይን ምልክት አላቸው፣ ሲነካ ቁጥሩ በኮከብ ይሸፈናል። ፎቶ አታንሱ፤ ስክሪንሹትም አትጠይቁ። ፒን ሲያስገባ ፊታችሁን አዙሩ፤ ሲያያችሁ ይሁን፣ ማዞራችሁን ማወቁ ይጠቅማል። 12 ወይም 24 ቃላት ያሉት ምስጢራዊ የመመለሻ ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ ጠረጴዛ ላይ ቢገኝ ቃለ መጠይቁ ይቁም፤ ወረቀቱ ከተነሣ በኋላ ይቀጥላል። ቃላቱን ያየ ሰው ገንዘቡን ሁሉ መውሰድ ይችላል፤ ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወረቀቱ አጠገብ የተቀመጠው እንግዳ ነው።

«ለምን በዚህ ላክህ?» የሚለውን ጥያቄ ትቼዋለሁ ማለት ይቻላል። በእሱ ፋንታ «በዚያን ዕለት ይህ መንገድ ዝግ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?» እላለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው መልስ ምክንያቱን ከነውድድሩ ያወጣዋል። አንዱ «በሃዋላ እልክ ነበር፣ ሁለት ቀን ይዘገያል» ይላል፤ ሌላው «የሚሄድ ሰው እጠብቅ ነበር» ይላል፤ ሦስተኛው «አልክም ነበር» ይላል። ሦስተኛውን አስምሩበት፤ ቴክኖሎጂው አዲስ ነገር የጨመረው እሱ ዘንድ ነው። ሌሎቹ ያው የቆየውን ሥራ በሌላ መንገድ ነው የሠሩት።

የአመለካከት ጥያቄዎች (እምነት፣ ስጋት፣ ተስፋ የሚባሉት) ካሏችሁ መጨረሻ ላይ አድርጓቸው። ስለ ማጭበርበር ከጠየቃችሁ በኋላ ስለ ዝውውር ብትጠይቁ ሰውየው ይቆጠባል።

ሰዎቹን ከየት?

የክሪፕቶ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ገብቶ መጠይቅ መለጠፍ ቀላል ነው፤ የምታገኙት ግን አፍቃሪዎቹን ነው። ለእነሱ ገንዘቡ የወሬያቸው ርዕስ ነው፤ ለአብዛኛው ተጠቃሚ ግን የሚታወስ ነገር እንኳ አይደለም። እኔ ከችግሩ ነው የምነሣው፦ ከውጭ ገንዘብ የሚቀበል፣ ለውጭ ደንበኛ ሠርቶ የሚከፈለው፣ ለአቅራቢ የሚከፍል ነጋዴ፣ ያጠራቀማት በዋጋ ንረት እንዳታልቅበት የሚሰጋ፣ ዋጋ ሲወርድ ገዝቶ ሲወጣ የሚሸጥ፣ ቁማር የሚጫወት። በየመደቡ ሰው ፈልጉና ገንዘቡን በምን መንገድ እንደሚያንቀሳቅሱ ጠይቁ፤ ዲጂታል የሆነው ራሱ ይወጣል፤ ያልሆነውም ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል። በ2024 በቴሌግራም እንደነ ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት ያሉ ስክሪን መታ መታ የሚደረግባቸው ጨዋታዎች ስንቱን ወጣት ዋሌት እንዳስከፈቱ አስታውሱ። ከእነሱ ውስጥ ሌላ ዝውውር አድርጎ የማያውቀው ለብቻው መደብ ይገባዋል።

ለዋጩን አትለፉት። ዲጂታሉን ተቀብሎ ጥሬውን የሚሰጥ ሰው በየትኛው ቀን እንደሚበዛ፣ መጠኑ ስንት ስንት እንደሆነ፣ ማን ለራሱ ማን ለሌላ እንደሚመጣ ከማንም በላይ ያውቃል። ትርፉን ግን አይነግራችሁም፤ ቢነግራችሁም አትመኑት። ከደንበኞቹ «ትናንት በስንት ለወጠላችሁ?» ብላችሁ ከሦስት አራት ሰው ሰብስቡና በዚያው ሰዓት ከነበረው የገበያ ዋጋ ጋር አስተያዩት። የሞባይል ገንዘብ ላይም ወኪሉ እንዲህ ያለ ቦታ አለው። ፓኪስታንና ባንግላዴሽ ውስጥ ብዙ ሰው የራሱ ሒሳብ ሳይኖረው ጥሬ ገንዘቡን ለወኪሉ ሰጥቶ በወኪሉ ሒሳብ ያስልክ ነበር። የሒሳብ ቁጥር ብቻ ያየ ተመራማሪ እነዚያን ሁሉ ላኪዎች አያገኛቸውም።

አገልግሎቱ ካልታሰበለት ውጭ የሚውልበትንም ፈልጉ። ኤምፔሳ ከመምጣቱ በፊት፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በዩጋንዳ፣ በጋናና በቦትስዋና ሰዎች የስልክ ካርድ ሒሳብ እየተላላኩ እንደ ገንዘብ ይገለገሉበት ነበር። የቴሌኮም ድርጅቶቹ ሒሳቡን የሸጡት ለማውሪያ ነው። «ይህን በሌላ ነገር ተጠቅማችሁበት ታውቃላችሁ?» የምትል አንዲት ጥያቄ በመጠይቁ ውስጥ ቦታ አትጣ።

የዕለት ማስታወሻ

ቃለ መጠይቅ ያለፈውን ነው የሚይዘው። ትንንሹን ክፍያ ለመያዝ በየዕለቱ ማስመዝገብ ይሻላል። የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ የክፍያ ማስታወሻ ጥናት ተሳታፊውን ለሦስት ተከታታይ ቀናት ብቻ የከፈለውን ሁሉ ያስጽፈዋል፤ ቀኖቹም በተሳታፊዎች መካከል ተከፋፍለው ወሩን ሁሉ ይሸፍናሉ። ሦስት ቀን ያነሰ ቢመስልም ብልህነት አለው፤ ሰው ከዚያ በላይ ሲጽፍ ይሰለቻል፣ ሲሰለች ደግሞ ትንንሹን መዝለል ይጀምራል። በወር አንዴ ለሚላክ ገንዘብ ግን ሦስት ቀን አይበቃም። እንዲህ ላለው የምጠቀመው የድምፅ መልእክት ነው። ተሳታፊው ማታ ማታ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይናገርና ይልክልኛል። ምንም ካልሆነም «ዛሬ ምንም የለም» ብሎ እንዲልክ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ዝም ካለ ግን ገንዘብ አልነካ ይሁን መላኩን ረስቶ የሚለይበት መንገድ የለኝም። ደመወዝ የሚወጣበት ቀን በማስታወሻው ጊዜ ውስጥ መውደቁንም አረጋግጡ።

የብሎክቼይን መዝገብ

መዝገቡ ለማንም ክፍት ስለሆነ ብዙ ተመራማሪ በቀጥታ ወደዚያ ይሮጣል። እኔ ከመስኩ ስመለስ ነው የምከፍተው፤ ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ ስገባ ቁጥሩ ይበላኛል።

ቢትኮይን ላይ መጀመሪያ የሚያሳስተው መልሱ፣ ማለትም ለላኪው የሚመለሰው ቀሪ ገንዘብ ነው። 0.5 ቢትኮይን የተቀበለ ሰው ከዚያ ላይ 0.1 ሲልክ መዝገቡ ሁለት ወጪ ያሳያል። አንዱ ለተቀባዩ የሄደው 0.1 ነው፤ ሌላው የመላኪያ ክፍያው ተቀንሶ ወደ ላኪው ራሱ፣ ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አድራሻ የሚመለሰው 0.4 ገደማ ነው። ሁለቱንም እንደ ክፍያ የደመረ ሰው ዝውውሩን አምስት እጥፍ ያሳብጠዋል። ኢጎር ማካሮቭና አንቷኔት ሾር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2021 ባቀረቡት ትንተና በቢትኮይን መዝገብ ላይ ከሚታየው የዝውውር መጠን 90 በመቶው ከትርጉም ያለው ኢኮኖሚያዊ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ አይደለም ብለዋል፤ ከሥርዓቱ አሠራርና ሰዎች ማንነታቸውን ለመሸፈን ከሚያደርጉት ማገለባበጥ የሚመነጭ ነው። በኤክስቼንጆች (ክሪፕቶ በሚገዛባቸውና በሚሸጥባቸው ድርጅቶች) የሚነገረውም የግብይት መጠን እንዲሁ በጥንቃቄ የሚታይ ነው። ቢትዋይዝ የተባለው የክሪፕቶ ኢንቨስትመንት ድርጅት በ2019 ለአሜሪካ የሴኩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን ባቀረበው ትንተና በወቅቱ ይነገር ከነበረው የቢትኮይን ግብይት 95 በመቶ ያህሉ ሐሰተኛ ወይም እውነተኛ ግብይት ያልሆነ ነው ብሎ ነበር።

የማን አድራሻ የማን እንደሆነ ለማወቅ የቆየ ዘዴ አለ፤ በአንድ ዝውውር አብረው ገንዘብ ያወጡ አድራሻዎች የአንድ ባለቤት ናቸው ብሎ መነሣት ነው። ኮይንጆይን የሚባለው የብዙ ሰው ዝውውርን የሚቀላቅል አሠራር ግን ይህን ግምት ያፈርሰዋል። በ2013 ተመራማሪዋ ሳራ ሚክልጆንና ባልደረቦቿ ዘዴውን ያጠናከሩት ራሳቸው ደንበኛ ሆነው ነው። ወደ ኤክስቼንጆች ገንዘብ እያስገቡና እያወጡ፣ ከሻጮችም ዕቃ እየገዙ የየድርጅቱን አድራሻ ለዩ። እናንተም ይህን በትንሹ ሞክሩት። ትንሽ ዩኤስዲቲ ከራሳችሁ ዋሌት ወደ ኤክስቼንጅ ሒሳባችሁ ላኩና በኔትወርኩ መፈለጊያ ገጽ ላይ ተከታተሉት። ለእናንተ ብቻ ወደተሰጠው የማስገቢያ አድራሻ ይገባል፤ ከቆይታ በኋላ ድርጅቱ ጠርጎ ወደ ትልቁ የጋራ ዋሌቱ ይወስደዋል። መዝገቡ ላይ ሁለት ዝውውር ሆነ፤ እናንተ ግን የከፈላችሁት ለማንም የለም። ቀጥሎ እዚያው ኤክስቼንጅ ውስጥ ለጓደኛችሁ ብትልኩ መዝገቡ ላይ ምንም አይታይም፤ ድርጅቱ በራሱ ደብተር ላይ ቁጥር አዛውሮ ይጨርሰዋል። ከእናንተ ዝውውሮች ውስጥ ሰው ለሰው የተላለፈው እሱ ብቻ ነበር። በፒቱፒ ገበያ (ሰው ከሰው ጋር በቀጥታ በሚገበያይበት) የሚደረገውም ግዢና ሽያጭ አብዛኛው እንዲህ ውስጥ ለውስጥ ያልቃል።

ታዲያ መዝገቡ ለምን ይጠቅማል? ተሳታፊው ፈቅዶ ሲያሳየኝ የነገረኝን ሰዓትና መጠን አመሳክርበታለሁ። መፈለጊያ ገጾች ብዙ ጊዜ ሰዓቱን የሚጽፉት በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ስለሆነ ወደ አካባቢው ሰዓት መለወጥ አይረሳ። ያለበለዚያ «ማታ ላኩት» ያለውን ሰው ዋሾ ታደርጉታላችሁ።

የማይነገረውን መጠየቅ

አንዳንድ ቦታ ክሪፕቶ የተከለከለ ወይም በግማሽ ዓይን የሚታይ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ቀጥተኛ ጥያቄ ቀጥተኛ ውሸት ያመጣል። ተመራማሪው ስታንሊ ዋርነር በ1965 ያስጀመረው የዕጣ ዘዴ ዛሬም ይሠራል፤ ቀለል ያለው ዓይነቱ ይህ ነው። ተጠያቂው እናንተ ሳታዩት ሳንቲም ይወረውራል። ዘውድ ከወጣ እውነቱ ምንም ይሁን ምን «አዎ» ይላል፤ ጎፈር ከወጣ እውነቱን ይመልሳል። «አዎ» ያለውን ሰው እናንተም ሆናችሁ ሌላ ሰው ምክንያቱን ልታውቁ አትችሉም። ከ200 ሰዎች 130ው «አዎ» ቢሉ 100 ያህሉ በዘውድ የመጡ ናቸው ብለን እንቀንሳለን፤ የቀሩት 30ዎቹ እውነቱን ከመለሱት 100 ሰዎች የወጡ ስለሆኑ ግምቱ 30 በመቶ ነው። ዋጋው ግን ናሙናው ነው። የመልሱ ግማሽ ዕጣ ስለሆነ በጥቂት ሰው ላይ ውጤቱ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል፤ ከጥቂት መቶ ሰው በታች አልሞክረውም። አሠራሩንም በሌላ ቀላል ጥያቄ አለማምዷቸው፤ ሳንቲሙን ወርውሮ «እና አሁን ምን ልበል?» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ።

ስለ ደኅንነት

የዋሌት አድራሻን ከስም አጠገብ አትጻፉ። ስልክ ቁጥር ቢወጣ ሰውየው ይለውጠዋል፤ አድራሻ አንድ ጊዜ ከስም ጋር ከተገናኘ ግን በዚያ አድራሻ የተደረገው ሁሉ፣ ያለፈውም የሚመጣውም፣ ለማንም የሚነበብ ይሆናል፤ መዝገቡም አይሰረዝም። የዝውውር መለያ ቁጥርም ያው ነው፤ ከእሱ ወደ አድራሻው ለመድረስ አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። ትክክለኛ መጠንና ትክክለኛ ደቂቃ አብረው ከተጻፉም ፈላጊ ሰው ዝውውሩን ከመዝገቡ ነቅሶ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ እኔ መጠኑን አጠጋግቼ፣ ሰዓቱን «ጠዋት» «ከሰዓት» ብዬ፣ የኔትወርኩን ስም ብቻ ጨምሬ እይዛለሁ።

ተሳታፊዎችን በምታጠኑት ገንዘብ አትክፈሏቸው። የኤል ሳልቫዶር 30 ዶላር ያደረገውን እናንተም በትንሹ ታደርጉታላችሁ፤ ዋሌት ያልነበረው ለእናንተ ብሎ ይከፍታል፣ ከዚያም ተጠቃሚ ሆኖ ይቆጠራል። «ልግዛ ወይስ ልተው?» የሚል ጥያቄም ይመጣባችኋል። አስተያየት አትስጡ፤ «ላክልኝ እስቲ» ብሎ ስልኩን ለሚሰጣችሁም አትላኩለት።

መረጃውን ማደራጀት

ሰንጠረዡ ላይ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ዝውውር ይሁን። ዓምዶቹ፦ ቀኑ፣ የላከው፣ ስልኩን የያዘው፣ በመሀል ያለፈበት ሰው፣ ሲነሣ የነበረው ገንዘብ፣ ሲደርስ የሆነው ገንዘብ፣ ዲጂታል ሆኖ የቆየበት ጊዜ፣ በየደረጃው የተቆረጠው፣ ሌላው አማራጭ። ከእነዚህ ሁሉ ብዙ የሚነግረኝ የቆይታው ጊዜ ነው። በሰዓታት ውስጥ ጥሬ የሚሆን ገንዘብ መላኪያ ሆኖ እያገለገለ ነው፤ የእኚያ እናት እንዲህ ነው። ለወራት ተቀምጦ ለቤት ኪራይ ወይም ለትምህርት ቤት ክፍያ ብቻ የሚወጣው ቁጠባ ነው። በየቀኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገለባበጠ ከኤክስቼንጅ የማይወጣው ንግድ ነው። አንድ ሰው ሦስቱንም ያደርጋል፤ ሰውን ሳይሆን ዝውውርን የቆጠረ ተመራማሪ ይህን አይቶ አይደናገጥም።

እያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ የተደረገበትን ቀንና የዕለቱን ዋጋ ጻፉ። ቢትኮይን በኖቬምበር 2021 ወደ 69,000 ዶላር ገደማ ወጥቶ ነበር፤ ከዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2022፣ ከ16,000 በታች ወርዷል። በመጀመሪያው ወር የተጠየቀ ሰው «ለልጆቼ የማስቀምጠው ነው» ሊል ይችላል፤ ያው ሰው በሁለተኛው ወር ስለ ጉዳዩ ማውራት እንኳ ላይፈልግ ይችላል። አቅም ካላችሁ እነዚያኑ ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ደግማችሁ አግኟቸው።

ያቆሙትንም ጠይቁ። እነሱን ማግኘት ያስቸግራል፤ ቡድኑን ትተው ወጥተዋል፣ ራሳቸውንም ተጠቃሚ አይሉም። ለዋጮቹን «በፊት ይመጣ የነበረ፣ አሁን የቀረ ደንበኛ አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን መልእክት የሚያደርስላችሁ አታጡም። የመጨረሻው ዝውውር መቼ እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ያንን ጉዳይ በምን እንደሚፈጽሙት፣ ዋሌቱ ላይ የቀረ ነገር ካለም ስንት እንደሆነ ጠይቋቸው። ብዙ ጊዜ የምትቀረው ከመላኪያ ክፍያው ያነሰች፣ ሊያወጧት የማያዋጣ ቁራጭ ናት። ድርጅቶቹ ባላንሱ ዜሮ ያልሆነውን ዋሌት ሁሉ በሚቆጥሩበት ጊዜ እነዚህም አብረው ይገባሉ፤ እናንተ ግን በሪፖርታችሁ ላይ ለብቻቸው በአንድ ረድፍ አውጧቸው፣ ከአንድ የመላኪያ ክፍያ በታች ያለ ባላንስ ማለታችሁ መሆኑንም ከሥሩ ጻፉ።